ኢንቴል ወይስ ኤኤምዲ?

ሁለቱም የኮምፒውተር ፕሮሰሰር (ዋና ቺፕ) ሠሪ የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው። የመሠረቷቸውም ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ከተባለው የቺፕ ኩባንያ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ኢንቴልን እ.ኤ.አ. በ1968 ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር፣ ኤኤምዲን በ1969 ጄሪ ሳንደርስና ባልደረቦቹ።

አመራረት፦ ኢንቴል የነደፈውን ቺፕ በአብዛኛው በራሱ ፋብሪካ ይሠራል። ኤኤምዲ በ2009 ፋብሪካዎቹን ለይቶ ካወጣ ወዲህ ንድፉን ይዞ ምርቱን ለሌሎች ሰጥቷል፤ ዛሬ በዋናነት የሚያመርትለት የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ ነው።

አደጋ፦ የራስ ፋብሪካ ወጪው እጅግ ከባድ ነው፤ የኢንቴል የ10 ናኖሜትር አመራረት (አዲስ የቺፕ አሠራር ትውልድ) ለዓመታት ሲዘገይ አዳዲስ ምርቶቹም አብረው ዘግይተዋል። ኤኤምዲ በበኩሉ የሌላ ኩባንያን የማምረት አቅም ይጠብቃል።

ፈጠራ፦ ኢንቴል በ1971 4004 የተባለውን ማይክሮፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። ኤኤምዲ ደግሞ በ2003 ኤክስ86 የተባለውን፣ ኢንቴል የፈጠረውን የፕሮሰሰር ትእዛዞች ሥርዓት ወደ 64 ቢት አሳደገ፤ ኢንቴል ራሱ ይህን የተፎካካሪውን ንድፍ ተከትሎ መሥራቱ፣ በእኔ አመለካከት፣ ከታሪካቸው ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ነው።

ማሻሻል፦ ኤኤም4 የተባለው የኤኤምዲ መሰኪያ (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚገጠምበት ቦታ) በርካታ የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰር ትውልዶችን አስተናግዷል፤ ኢንቴል መሰኪያውን ቶሎ ቶሎ ይቀይራል።

ስለዚህ ማዘርቦርዱን ሳይለውጥ ፕሮሰሰሩን ብቻ እያሻሻለ መቆየት ለሚሻ ኤኤምዲ ይስማማዋል፤ ቪዲዮ አዘውትሮ ለሚያቀናብርና ኩዊክ ሲንክን (በኢንቴል ቺፖች ውስጥ ያለውን የቪዲዮ ማፍጠኛ) በሚደግፍ ሶፍትዌር ለሚሠራ ግን ኢንቴል ይሻለዋል።