ለጥርጣሬ ወቅት፦ መክብብ ወይስ ኢዮብ?

እምነቴ ሲናወጥ እጄ ከእነዚህ ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ወደ አንዱ ይሄዳል። መክብብ 12 ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ በአንድ ምሽት ያልቃል። ሁሉም ከንቱ ነው እያለ የልቤን ይናገርልኛል፤ የሚናገረው ግን ሀብቱም ጥበቡም ሞልቶለት ነው። ምዕራፍ 4 ላይ ስለ ጓደኛ ያለው ደስ ይለኛል፦ ሁለት ከአንድ ይሻላል፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ያነሣዋልና።

ኢዮብ 42 ምዕራፍ ነው። መካከሉ ላይ ክርክሩ ስለሚደጋገም ዘልዬ ያለፍኩባቸው ቀናት አሉ፤ ይቅር ይበለኝ። ወዳጅነት ሲፈተን የሚታየው ግን እዚህ ነው። መከራ የወረደበት የኢዮብ ሦስት ባልንጀሮች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ላዘነ ጓደኛዬ ምክንያት ስደረድርለት፣ የያዘው ብርጭቆ ላይ ዓይኑን ተክሎ ዝም አለኝ። ከሦስቱ መካሪዎች አንዱን፣ ኤልፋዝን የሆንኩት ያን ጊዜ ነው።

ከምዕራፍ 38 ጀምሮ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ለኢዮብ ሲመልስም የመከራውን ምክንያት አይነግረውም፤ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይጨምርለታል። በመጨረሻም ቁጣው የነደደው በጠያቂው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በመካሪዎቹ ላይ ነው።

ለብቻዬ ስሆን መክብብ ይበቃኛል። አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ግን ኢዮብን እይዛለሁ፣ ከነርዝመቱ።