200 ሜጋፒክስል በሐዋሳ ብርሃን፦ የጋላክሲ ኤስ23 አልትራ ዋና ካሜራ ግምገማ

በሐዋሳ የስልክ ሱቆች ስለ ካሜራ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ሜጋ ነው?» የሚል ነው። ሻጩም በቁጥር ብቻ ይመልሳል፤ ገዢውም ቁጥሩን ሰምቶ ዋጋውን ያመዛዝናል። በዚህ መለኪያ ከተሄደ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ጋላክሲ ኤስ23 አልትራ፣ ባለ 200 ሜጋፒክስል ዋና ካሜራ በመሆኑ፣ ከአብዛኞቹ ስልኮች በላይ ሊቀመጥ ይገባዋል። እኔም ስልኩ ጥሩ ፎቶ ያነሳል ባይ ነኝ። ሆኖም ለምግብ ቤት ማስታወቂያ፣ ለበዓልና ለቤተሰብ ፎቶ ስጠቀምበት ቆይቼ ያረጋገጥሁት ነገር ቢኖር፣ ከያዛቸው ምርጥ ፎቶዎች አብዛኞቹ የተነሱት በ200 ሳይሆን በ12 ሜጋፒክስል መሆኑን ነው። ይህ ለምን እንደሚሆን ሳይረዱ ለቁጥሩ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ስለማይገባ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ተገቢ ይመስለኛል።

ሴንሰር ከሌንሱ ጀርባ ተቀምጦ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ የሲሊኮን ቁራጭ ነው። በላዩ የተደረደረው እያንዳንዱ ብርሃን ተቀባይ ፒክስል ሲባል፣ አንድ ሚሊዮኑ አንድ ሜጋፒክስል ይባላል። በኤስ23 አልትራ ውስጥ ያለው ሴንሰር በአግድም 16,320፣ በቁመት 12,240 ፒክስሎች ያሉት ሲሆን፣ የአንዱ ፒክስል ጎን 0.6 ማይክሮሜትር ብቻ ነው (አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)። እነዚህን ቁጥሮች ማባዛት ብቻውን ብዙ ያስረዳል፤ የሴንሰሩ ስፋት 9.8 በ7.3 ሚሊሜትር ገደማ፣ ማለትም 72 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። ከእሱ በፊት የወጣው ኤስ22 አልትራ ባለ 108 ሜጋፒክስል ሲሆን የፒክስሉ ጎን 0.8 ማይክሮሜትር ነበር፤ ተባዝቶ ሲታይ ስፋቱ 69 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የፒክስሉ ቁጥር ወደ እጥፍ ሲጠጋ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ የጨመረው በመቶኛ አራት ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። የአንድን አባት መሬት ለብዙ ወራሾች ቢያከፋፍሉት ድርሻው ይበዛል እንጂ መሬቱ አይሰፋም፤ አዝመራውም እንዲሁ።

የፎቶ ጥራት በዋናነት የሚወሰነው በተሰበሰበው ብርሃን መጠን ነው። ብርሃን በእኩል ፍሰት አይመጣም፤ ቅንጣቶቹ በዘፈቀደ ስለሚያርፉ፣ ጥቂት ብርሃን የደረሰው ፒክስል ከጎረቤቱ የተለየ ዋጋ ያነብባል። በጨለማ ፎቶ ላይ ኖይዝ እያልን የምንጠራው የነጠብጣብ ብዛት አብዛኛው ከዚህ ይመጣል። የአንድ ፒክስል ብርሃን በ16 እጥፍ ሲጨምር፣ ምልክቱ ከኖይዙ አንጻር ያለው ብልጫ በአራት እጥፍ ያድጋል። ሳምሰንግም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ስልኩ በተለመደው አሠራሩ አራት በአራት ሆነው የተደረደሩ 16 ፒክስሎችን አዋህዶ እንደ አንድ ባለ 2.4 ማይክሮሜትር ፒክስል ያነብባቸዋልና ውጤቱ 12 ሜጋፒክስል የሆነ፣ 4,000 በ3,000 የሚለካ ፎቶ ይሆናል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስተዋወቀው 808 ፒዩርቪው ባለ 41 ሜጋፒክስል ሆኖ ሳለ ተመራጩ ፎቶው 5 ሜጋፒክስል ነበር፤ ትርፉ ቁጥር ለማዋሃድና ጥራት ሳይጠፋ የሩቅን ነገር አጉልቶ ለማቅረብ የታሰበ ነበርና።

ሁለተኛው ገደብ ቀለም ነው። ፒክስል በራሱ ቀለም አይለይም፤ በላዩ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ይደረግበታል። የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበት አደራደር ግማሹን አረንጓዴ፣ ሩቡን ቀይ፣ ሩቡን ሰማያዊ ያደርጋል፤ በተለመደው ሴንሰርም እነዚህ ቀለሞች ከአንድ ፒክስል ወደ ቀጣዩ ይፈራረቃሉ። በዚህ ባለ 200 ሜጋፒክስል ሴንሰር ግን 16ቱም ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ማጣሪያ ይጋራሉ። ስለዚህ ሙሉው 200 ሲጠየቅ ስልኩ የጎደለውን ቀለም ራቅ ካሉ ፒክስሎች ገምቶ መሙላት ይኖርበታል። የብርሃንና የጥላ ዝርዝር በእርግጥ ይጨምራል፤ የቀለም ዝርዝር ግን ቁጥሩ ከሚለው በእጅጉ ያንሳል። በቀጫጭን ባለቀለም ክሮች የተሠራ የጥበብ ጥለትን በቅርብ አንስቶ ሙሉ በሙሉ አጉልቶ ማየት ልዩነቱን ያሳያል፤ የክሩ መስመር ይለያል፣ ቀለሙ ግን ከአጠገቡ ክር ጋር ይቀላቀላል።

ሦስተኛው፣ በእኔ እምነት በሱቅ ውስጥ ጨርሶ የማይነገረው፣ የሌንሱ ገደብ ነው። ብርሃን በማንኛውም ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ጥቂት ስለሚሰፋ፣ ፍጹም የሆነ ሌንስ እንኳ አንዲትን የብርሃን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ሳይሆን ትንሽ ክብ አድርጎ ያሳርፋታል። የዚህ ካሜራ ሌንስ ቀዳዳ ኤፍ 1.7 ነው፤ ኤፍ የቀዳዳውን ስፋት የሚገልጽ መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። በዚህ ቀዳዳ ለአረንጓዴ ብርሃን የክቧ ስፋት ሲሰላ 2.3 ማይክሮሜትር ገደማ ይሆናል። 0.6 ማይክሮሜትር የሆነው ፒክስል የዚህችን ክብ አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አንዲት ነጥብ በብዙ ፒክስሎች ላይ ተዘርግታ ታርፋለች። ፒክስሉን ከዚህ በላይ ማሳነስ ጥቅም የለውም አልልም፤ ምክንያቱም ስልኩ ክቧን በደንብ ከለካ በኋላ በስሌት ጥቂት ሊያጠራት ይችላል። ነገር ግን 200 ሜጋፒክስል ከ12 ሜጋፒክስል 16 እጥፍ የበለጠ ዝርዝር ይሰጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የብርሃንን ተፈጥሮ የሚያህል ተቃዋሚ አለበት።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ 200ው ሥራውን የሚሠራበትን ቦታ ማሳየት ፍትሐዊ ነው። ጠዋት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጀልባዎች ከሐይቁ ሲመለሱ፣ ፀሐይዋ ከጎን ስትመታ፣ ብርሃኑ ጠንካራ ሆኖ ሳለ አየሩ ገና አይሞቅም። እዚያ ሰዓት ላይ በመሬት የተዘረጋ መረብና በሣጥን የተደረደረ ቆሮሶ በ200 ሜጋፒክስል ሲነሳ ውጤቱ የሚያስደስት ነው። የዓሣው ቅርፊት አንድ በአንድ ይለያል፤ የመረቡ ቋጠሮዎች ይቆጠራሉ፤ ከፎቶው ሩቡን ብቻ ቆርጦ ለምግብ ዝርዝር መጠቀምም ይቻላል። በ12 ሜጋፒክስል የተነሳው ተመሳሳይ ፎቶ በስልኩ ስክሪን ላይ አይለይም፤ ሲቆረጥ ግን ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። የማይንቀሳቀስ ነገር፣ በቂ ብርሃን፣ የጸና እጅ፤ ሦስቱም ሲሟሉ 200ው ዋጋ አለው።

ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ግን ጥቅሙ በፍጥነት ይጠፋል። ለማሳያ ያህል የፍቼ ጫምባላላን በዓል እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ የተመዘገበው ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ በጉዱማሌ ሜዳ ሲከበር፣ ቄጣላው፣ ማለትም ባህላዊው የቡድን ጭፈራ፣ እየዘለለ፣ እየዞረ፣ አቧራውን እያስነሳ ያልፋል። በእጅ የተያዘ ካሜራ ጥቂት መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ ፒክስሉ በአራት እጥፍ ሲጠብብ ያው መንቀጥቀጥ ከፒክስሉ አንጻር በአራት እጥፍ ይጎላል። የሚዘልለው ሰው እንቅስቃሴም እንዲሁ። በተጨማሪም ስልኩ በ12 ሜጋፒክስል ሲያነሳ በአንድ ንክኪ ብዙ ፍሬሞችን (ተከታታይ ምስሎችን) ይዞ ያዋህዳል፣ የብሩህ ሰማይንና የጠቆረ ፊትን ልዩነት ያቻችላል፤ የ200ው ፋይል እጅግ ከባድ ስለሆነ ግን ይህን ሥራ በዚያ ልክ ለመሥራት አይመችም። ለበዓል፣ ለልጆች፣ ለሠርግ ጭፈራ 12ን እንጂ 200ን አልመክርም፤ በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም።

ምሽት ላይም ፍርዱ ያው ነው። በሐይቁ ዳር በሚገኙት መዝናኛዎች መብራቶቹ ቢጫና ደካማ ናቸው። በዚህ ብርሃን 200ው በጥላው ክፍል ነጠብጣብ ይሞላል፤ ነጠብጣቡን ለማጥፋት የሚሠራው ሶፍትዌርም ከነጠብጣቡ ጋር የፀጉርንና የጨርቅን ዝርዝር ይጠርጋል። ይህ የአንድ ኩባንያ ጉድለት ሳይሆን የትናንሽ ፒክስሎች ሁሉ ጠባይ ነው። 16ቱ ሲዋሃዱ የሚገኘው የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ በአንጻሩ በዚሁ ቦታ፣ በዚሁ እጅ፣ ጥቁረቱን ጠብቆ፣ የፊትን መልክ ሳያበላሽ ይወጣል፤ ይህንን ካሜራ እንድወድደው ያደረገኝም ይኸው የምሽት ችሎታው ነው።

እኩለ ቀን ላይ ከታቦር ተራራ ወደ ሐይቁ ማዶ ማንሳት ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ የሚነሳው አየር ይርገበገባል፤ ከሩቅ የሚታየው ዳርቻም አብሮ ይርገበገባል። የፒክስል ብዛት ይህን የሚያስተካክልበት መንገድ የለውም፤ መፍትሔው ማልዶ መውጣት ብቻ ነው። በዛፍ ላይ የሰፈረን አባ ኮዳ ወይም ጉሬዛን ለማንሳትም ከ200ው ቆርጦ ከማጉላት ይልቅ፣ ስልኩ ለብቻው የያዘውን ባለ 10 እጥፍ ማቅረቢያ ሌንስ መጠቀም ይሻላል። የዚያ ካሜራ ሴንሰር 10 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። ሆኖም በቀን ብርሃን ለሩቅ ነገር ባለ 200ውን ያስንቃል፤ ዝርዝሩን የሚያመጣው ሌንሱ ነውና።

በ12 እና በ200 መካከል ያለውን የ50 ሜጋፒክስል ምርጫ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል፤ ይህ ያሳዝነኛል። በዚህ አሠራር አራት አራት ፒክስሎች ተዋህደው እንደ ባለ 1.2 ማይክሮሜትር ፒክስል ይነበባሉ። በቀን ብርሃን ከ12ው የተሻለ ለመቁረጥ የሚያስችል ዝርዝር ይሰጣል፣ ፋይሉም ከ200ው በብዙ ያነሰ ነው። የሕንፃ ፊት፣ የገበያ እይታ፣ የምግብ ፎቶ በዚህ ሲነሳ እምብዛም የሚጎድለው ነገር አይኖርም። የሳምሰንግ ኤክስፐርት ሮው መተግበሪያም በ50 ሜጋፒክስል ያልተቀነባበረ ፋይል ስለሚያስቀምጥ፣ ቀለሙን ራሱ ማረም ለሚፈልግ ባለሙያ ይህ ከ200ው የሚበልጥ ስጦታ ነው። ስለ ቪዲዮ ብዙ አልልም፤ 8ኬ ቪዲዮ አንዱ ፍሬም 33 ሜጋፒክስል ያህል ስለሚፈልግ፣ የሴንሰሩ ከፍተኛ ቁጥር ያለ ጥርጥር የሚያስፈልግበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

የኅትመቱን ጉዳይ በስሌት ማየት ይቻላል። ለእጅ ቅርብ ኅትመት በኢንች 300 ነጥብ ይበቃል፤ በዚህ ልክ የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ 34 በ25 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣል፤ ከኤ4 ወረቀት ይሰፋል ማለት ነው። ከመንገድ ማዶ ለሚታይ ባነር በኢንች 100 ነጥብ ከተወሰደ ያው ፎቶ አንድ ሜትር ይደርሳል። 200ው በ300 ነጥብ ሲሰላ 138 በ104 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሚሆን፣ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ተጠግቶ የሚመለከተው ትልቅ ፎቶ ካልሆነ በስተቀር ይህን የሚጠይቅ ሥራ አይበዛም። በአንጻሩ እያንዳንዱ የ200 ፎቶ በአሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ቦታ ይይዛል፤ ስልኩም የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ የለውም። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ስለሚቀነስ የ200ው ድካም ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለማተሚያ ቤት የሚላክ ከሆነ እንደ ፋይል መላክ የግድ ነው።

ኤስ22 አልትራ ያለው ሰው ለ200ው ብሎ ስልክ እንዲቀይር አልመክርም፤ የሴንሰሩ ስፋት አንድ ያህል መሆኑን ከላይ አይተናል። አይፎን 14 ፕሮ ደግሞ ባለ 48 ሜጋፒክስል ሆኖ ሳለ የሴንሰሩ ስፋት ከዚህኛው ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። ሁለቱን ለማመዛዘን የሚፈልግ ገዢ ቁጥሮቹን ትቶ የምሽት ፎቶዎቻቸውን ጎን ለጎን ቢያይ ይሻለዋል። በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት ስልኮች መካከልም ከአንድ ትልቅ ካሜራ ጎን 2 ሜጋፒክስል የሆኑ ረዳት ካሜራዎችን የደረደሩ ብዙዎች አሉ፤ እነዚህን እንደ ተጨማሪ ካሜራ መቁጠር አይገባም።

ያገለገለ ኤስ23 አልትራ ለሚገዛ አንድ ጠቃሚ ፍተሻ አለ፤ የዚህ ስልክ ቅጂዎች በገበያ ላይ ስለሚዞሩ ይህ ፍተሻ መታለፍ የለበትም። ከሱቁ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ካሜራውን 200 ላይ አድርገው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የጋዜጣ ገጽ ከሁለት ሜትር ያህል ርቀት ያንሱ፤ ከዚያም በ12 ይድገሙት። የመጀመሪያው ፎቶ ዝርዝር መረጃ 16,320 በ12,240 የሚል መሆን አለበት፤ ይህ ግን ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም ትንሽ ፎቶን በሶፍትዌር ማስፋት ቀላል ነው። ሁለቱን አጉልተው ትንንሾቹን ፊደላት ያስተያዩ። በ200ው ላይ ፊደላቱ ከ12ው በግልጽ የተሻለ ካልተነበቡ፣ ወይ ሌንሱ ተጭሯል ወይም ስልኩ የተባለው ስልክ አይደለም፤ በሁለቱም ምክንያት ገንዘብዎን ሳይከፍሉ ይመልሱት።