ሉድዊግ ወይስ ሉዋን? አሮጌ ድራም ለሚገዛ

ጅማ ውስጥ ያገለገለ ድራም ካገኛችሁ የውጭው ቀለም አያታላችሁ። ቆዳውን ፍቱና ውስጡን እዩ።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ ሉድዊግ (የአሜሪካ ድራም ነው) ሦስት ንብርብር እንጨት አለው፤ በብዛት ማሆጋኒ፣ ፖፕላርና ሜፕል የሚባሉ እንጨቶች። ጠርዞቹ ላይ በውስጥ በኩል የሜፕል ማጠናከሪያ ቀለበት ተለጥፏል። ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፤ በዋንዛ ከበሮ ያደገ ጆሮ ቶሎ ይወደዋል። የቢትልስ ባንድ ድራም መቺ ሪንጎ ስታር እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲመታው ከታየ ወዲህ ፈላጊ አጥቶ አያውቅም። መልሳችሁ ብትሸጡት ያወጣል።

የዚያን ዘመን ርካሽ የጃፓን ድራሞች ግን ብዙዎቹ ሉዋን ከሚባል የደቡብ ምሥራቅ እስያ እንጨት የተሠሩ ናቸው። እንጨቱ ለስለስ ያለ ነው፣ ዋጋውም ቀላል። በደንብ ከተቃኘ ደስ የሚል ድምፅ አለው፤ ሲሸጥ ግን ብዙ አይጠብቁበት።

አንድ ነገር አደራ። ሉድዊግ ላይ በኋላ የተበሳ አንዲት ቀዳዳ እንኳ ዋጋውን ክፉኛ ትጥላለች። ሉዋኑን ያን ያህል አትጎዳውም።

የጅማ ዝናብና እርጥበት ደግሞ ለሁለቱም ጠላት ነው። ጥፍራችሁን ጠርዙ ላይ አሳልፉ። ንብርብሩ ተላቆ ጥፍር ካስገባ፣ ሙጫው ለቋል ማለት ነው፤ ሉድዊግም ቢሆን ተዉት።

እኔ ለጀማሪ ሉዋኑን እመርጣለሁ። ገንዘቡን ድራም ላይ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ግን ያልተበሳ ሉድዊግ ይሻለዋል።