ደሴ ላይ ለደከመው ጋዜጠኛ፦ የሞከርኩት የሥነ ልቦና ምክር

ጋዜጠኛ ነኝ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ የሰው ለቅሶ እየቀዳሁ ቤት መውሰድ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር በትክክል ለመገልበጥ ደሞ አሥር ጊዜ እየመለሱ መስማት ለምጄ ነበር። ለምጃለሁ እያልኩ ራሴን ስሸውድ ነበር ብል ይሻላል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በር ሲንኳኳ መደንበር ጀመርኩ። ባለቤቴ "አሁንስ በቃ፣ ታይ" አለችኝ፣ ሄድኩ።

ቢሮው ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ፎቅ ላይ። የመጀመሪያውን ቀን አልወደድኩትም። አርባ ደቂቃ አስጠበቁኝ፣ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ደግሞ ቲቪ ተከፍቷል፣ ምን ላይ? ዜና ላይ! (ሳቄ መጣ።) ግድግዳውም ስስ ነው፣ የውስጡ ወሬ ውጭ ይሰማል። ደሴን ለሚያውቅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጠዋት ያወራኸው ማታ ሙጋድ ሰፈር ቡና ላይ ይደርስሃል።

ባለሙያዋ ግን ጎበዝ ናት። "አንተ ላይ እኮ አልተተኮሰም" ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ በሥራ ምክንያት የሌላውን ሰቆቃ ደጋግሞ ማየትና መስማትም ሰው እንደሚጎዳ፣ ሐኪሞች የአእምሮ ሕመምን ለመለየት የሚጠቀሙበት ዲኤስኤም-5 የተባለው መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ይህንን እንዳካተተ ነገረችኝ። ትከሻዬ ቀለለኝ። ምክሯም የሚሠራ ነው፤ ከባድ ቪዲዮ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቶ ማየት፣ ማታ ቃለ መጠይቅ አለመገልበጥ።

ክፍያው ለእኛ ደሞዝ ይከብዳል፣ አልዋሽም። ቢሆንም ረቡዕ ቀጠሮ አለኝ። ብቻ እባካችሁ፣ ያንን ቲቪ አጥፉልን።