በደብረ ብርሃን ለሚሠሩ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ታናሽ እህቴን ከአንድ ዓመት በላይ ያንገላታት ሕመም ምንነቱ እንዲታወቅ ምክንያት ለሆኑት፣ በደብረ ብርሃን ከተማ ለሚሠሩ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ነው። ስማቸውና የሚሠሩበት ቦታ በጽሁፍ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ፤ ታካሚዎቻቸው እንደሚጠሯቸው እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

እህቴ የመሐል ሜዳ ልጅ ስትሆን ሸዋ ሮቢት ወርዳ ሁለት ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። ስትመጣ ከስታና ጠቁራ ስላገኘናት ቤተሰቡ ሁሉ «የቆላ ፀሐይ ነው፣ ደጋው ይመልሳታል» ብሎ ተጽናና። ደጋው ግን አልመለሳትም። ፀሐይ የማያገኘው የመዳፏ መስመርና ድዷ፣ በልጅነቷ ማጭድ የቆረጣት ጠባሳ ሳይቀር ጠቆረ፤ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗን ያጨልምባት ጀመር፤ የወር አበባዋም ቀረ። እናታችን ወጥ ስትሠራ እህቴ ከጨው ዕቃው እየዘገነች ከመዳፏ ስትልስ እያየን፣ አመል መስሎን ዝም ማለታችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በመጀመሪያ የታየችበት ሕክምና ቤት የሆርሞን ምርመራ ታዘዘላት፤ ደሟም ተወስዶ ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን 4.2 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ሆኖ «በተለመደው መጠን ውስጥ» የሚል ተጽፎበት ነበር፤ ፕሮላክቲን፣ ማለትም ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ሆርሞን፣ ደግሞ ጥቂት ከፍ ብሏል። በዚህም ችግሩ የወር አበባ መዛባት ብቻ ነው ተብሎ ለወራት ስንመላለስ ቆየን። የማንንም ስም ለማንሳት አልፈልግም።

ሌላ ሐኪም ምርመራው እንዲደገም አዝዘው ወደ ጋሼ በላኩን ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጋሼ መርፌ ከማንሳታቸው በፊት የቀድሞውን ወረቀት ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና፣ «እህቴ፣ ያን ዕለት ደም የሰጠሽው ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» ብለው ጠየቋት። «2 ሰዓት» አለቻቸው። «የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው ወይስ የማታው?» የጠዋቱ እንደሆነ ስትነግራቸው ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው አሳዩን፤ የተጻፈው 14:00 ይላል። በማዘዣው ላይ በእኛ አቆጣጠር 2:00 ተብሎ የሰፈረውን፣ መረጃውን ወደ ኮምፒውተር ያስገባው ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ 8 ሰዓት፣ አድርጎ መዝግቦታል።

ይህ ስህተት ለብዙ ምርመራዎች ለውጥ ባላመጣ ነበር፤ ለኮርቲሶል ግን ሁሉ ነገር ነው። ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ይህን ሆርሞን ቀኑን ሙሉ በእኩል መጠን አያመነጩም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፣ ከዚያ እየወረደ ሄዶ በእኩለ ሌሊት ገደማ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ለከሰዓት ብዙም የማያስደነግጠው 4.2፣ ለጠዋት ሲሆን ሊያስደነግጥ የሚገባ ዝቅተኛ ቁጥር ነው።

ጥያቄያቸው በዚህ አላበቃም። እህቴ የምትውጠውን፣ የምትቀባውንና የተወጋችውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቋት። ለሚረግፈው ፀጉሯ ከፋርማሲ የገዛችውን፣ ባዮቲን በብዛት ያለበትን ቫይታሚን ከቦርሳዋ አውጥታ ስታሳያቸው፣ ይህ ቫይታሚን በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ኮርቲሶልን ከእውነተኛው መጠን በላይ፣ ፕሮላክቲንን ደግሞ በታች አድርጎ ሊያስነብብ እንደሚችል አስረዱን፤ ለሐኪሙም ደውለው ካማከሩ በኋላ ለ3 ቀን አቋርጣ እንድትመለስ አደረጉ። ከመሐል ሜዳ የሚነሳ መኪና በሰዓቱ እንደማያደርሰን ስለሚያውቁም ከዋዜማው መጥተን ደብረ ብርሃን እንድናድር አሳሰቡን።

በቀጠሯችን ጠዋት ውርጩ ገና ከመሬት ሳይነሳ ደረስን። ጋሼ ቀድመው በረዶ አዘጋጅተው፣ ክዳኑ ሐምራዊ የሆነ ብልቃጥ በውስጡ አቀዝቅዘው ይጠብቁን ነበር። ኤሲቲኤች፣ ማለትም አንጎል ሥር ያለችው ዕጢ አድሬናልን የምታዝበት ሆርሞን፣ ሙቀት ላይ ከቆየ ቶሎ ስለሚበላሽ ነው። ደሙን እንደወሰዱ በረዶው ውስጥ ከተቱት፤ ወዲያው ሴንትሪፉጅ በተባለው፣ እያቀዘቀዘ ደም በሚያሽከረክር መሣሪያ አዙረው ፕላዝማውን፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ለይተው አቀዘቀዙት። በብልቃጡ ላይ የጻፉት ሰዓት እስከ አሁን ዓይኔ ላይ አለ፤ «ጠዋት 2:05» ብለው ከሥሩ «08:05» ብለው ደገሙት። ለፕሮላክቲን ግን ደሙን አብረው አልወሰዱም። ይህ ሆርሞን ሰው ከእንቅልፉ እንደነቃ ከፍ ብሎ ስለሚቆይ፣ በድንጋጤና በድካምም ስለሚጨምር፣ እህቴ ጋቢዋን ተከናንባ አረፍ እንድትል አድርገው 4 ሰዓት ሲሆን ወሰዱት።

ፕሮላክቲኑ ደህና ሆኖ ተገኘ። ኮርቲሶሉ 1.8 ብቻ ሲሆን ኤሲቲኤች ከከፍተኛው ወሰን በብዙ እጥፍ አልፎ ነበር። በደሟ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም በጨው ውስጥ የሚገኘው ማዕድን፣ ቀንሷል፤ ፖታሲየሙ ጨምሯል። ጨው ያስልሳት የነበረው ለካ ይህ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ አንጎል ያለማቋረጥ እያዘዘ ዕጢዎቹ ግን መታዘዝ አቅቷቸዋል፤ የቆዳው መጥቆርም ከዚሁ የኤሲቲኤች መብዛት ጋር የተያያዘ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን በ1855 እ.ኤ.አ. የገለጸውና በስሙ የሚጠራው በሽታ መሆኑን፣ ከመንስኤዎቹም አንዱ የሳንባ ነቀርሳ እንደሆነ ሲነግሩን፣ እህቴ ከዓመታት በፊት የቲቢ መድኃኒት ለ6 ወር መውሰዷን ያስታወስነው ያኔ ነው።

ዛሬ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት በየጠዋቱ ትውጣለች። ክብደቷ ተመልሷል፣ በአራተኛው ወር የወር አበባዋ መጥቷል፣ ባለፈው ሳምንት እንስራ ተሸክማ ዳገት ወጥታለች። ጋሼም መድኃኒቱን በራሷ ፈቃድ በድንገት እንዳታቋርጥ ሐኪሙ የነገሯትን ደግመው አስጠንቅቀዋታል፤ የምትወስደው ፕሬድኒሶሎን በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ራሱ ኮርቲሶል መስሎ ስለሚነበብ፣ የትም ስትመረመር አስቀድማ እንድትናገር በወረቀት ጽፈው ሰጥተዋታል።

የሆርሞን ምርመራ የታዘዘላችሁ የሰሜን ሸዋ ወገኖቼ ወደ እኚህ ባለሙያ ለመሄድ ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒትና ቫይታሚን ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ። ሴቶች ደግሞ የመጨረሻው የወር አበባ የመጣበትን የመጀመሪያ ቀን ጽፋችሁ ሂዱ፤ እንቁላልን የሚያሳድገው ኤፍኤስኤች የተባለ ሆርሞን ብዙውን ጊዜ የወር አበባ በመጣ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን፣ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ደግሞ ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ 7 ቀን ገደማ ሲቀረው ስለሚለካ፣ ቀኑ ካልታወቀ ቁጥሩን መተርጎም ያስቸግራል።

እናታችን በራሷ እጅ የፈተለችውን ባና ይዤላቸው ብሄድ «ሥራዬ ነው» ብለው አልቀበልም አሉኝ። ጋሼ፣ እናቴ ባናውን አልሸጠችውም፤ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ስምዎን እየጠራች ትመርቅዎታለች። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።