አሮጌ የናፍጣ መኪና ላላችሁ የአዳማ ልጆች፣ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ

ሰላም ናችሁ የአዳማ ልጆች፣ በተለይ አሮጌ ናፍጣ መኪና ይዛችሁ "አልስብ አለችኝ" እያላችሁ የምትማረሩ ይሄ ለናንተ ነው። ወደ ወንጂ መውጫ በኩል ትንሽዬ ጋራዥ ያላቸው አንድ አባት አሉ፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስላሉኝ አልጽፍም፣ ስልካቸውን ግን አስፈቅጃለሁ፣ ኢንቦክስ ለጠየቀኝ እሰጣለሁ።

የኔ መኪና ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናት፣ ኤችጄ47፣ እ.ኤ.አ የ1982 ሞዴል፣ ከአባቴ የወረስኳት። ሞተሯ 2ኤች ነው፣ 6 ሲሊንደር፣ 3980 ሲሲ፣ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባው እቃ) የለውም። ሜዳውን ከአዳማ ሞጆ ምንም አትልም፣ ወደ አሰላ ስትወጣ ግን ትንሽ ጭነት ካለባት በሁለተኛ ማርሽ ታለከልካለች፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ፣ የሙቀት ጌጁም ወደ ላይ ይሄዳል። ሌላ ቦታ ስጠይቅ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፣ ወይ "ተርቦ ግጠምላት" ወይ "ሞተሩን በ1ኤችዜድ ቀይረው" (ከ2ኤች በኋላ የመጣ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው)። አንዱማ ኮፈኖ እንኳን ሳይከፍት ነው ዋጋ የነገረኝ።

ጋሼ ገና ሳወራቸው ደብተር አወጡና "ልጄ፣ ጉልበት ከመጨመርህ በፊት ያለህን ጉልበት ማን እንደወሰደብህ እንወቅ" አሉኝ። በቃ እዛው ነው ልቤን የወሰዱት።

መጀመሪያ ያስረዱኝ የከፍታውን ነገር ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳበት በየ1000 ሜትሩ 10 ፐርሰንት ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ ከፋብሪካ ሲወጣ 105 ፈረስ አካባቢ የነበረው 2ኤች አሰላ ላይ 2400 ሜትር ገደማ ሲደርስ 80 ምናምን ነው የሚቀረው፣ እሱም ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ነው። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚልከው ፖምፓ ግን ያንኑ ናፍጣ መላኩን አይተውም፣ አየር ያልበቃው ናፍጣ ነው ጥቁር ጭስ ሆኖ የሚወጣው። እና እባካችሁ እንደዚህ የምታጨስ መኪና ላይ "ናፍጣ እንጨምርላት" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ከዛ የስድስቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) ለኩ፣ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) መቀየር ሞተር ማውረድ ምናምን አያስፈልግም ተባለ (ይሄን ሌላው ቢሆን ይነግረኝ ነበር? እንጃ)። ኖዝሎቹን (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን) የሚያምኑት ፖምፒስታ፣ ማለትም የፖምፓና ኖዝል ባለሙያ ጋ ይዘውኝ ሄዱ፣ መሞከሪያው ላይ ሲረጩ ሶስቱ እንደ ጉም በተኑት፣ የቀሩት ግን በክር ያፈሱታል፣ አንዱ ጫፉ ላይ ይንጠባጠባል። በአይኔ እንዳየው ነው የወሰዱኝ። ራዲያተሩን ደግሞ ፈተው መሬት ላይ አቁመው በጎማ ውሃ ለቀቁበት፣ ከላይ የሚገባውና ከታች የሚወጣው አይገናኝም፣ ግማሹ ቱቦ በዝገትና በነጭ ቅርፊት ተደፍኗል፣ የጉድጓድ ውሃ እየሞሉ የመንዳት ውጤት ነው አሉ። ድሮ "ሞቃት አገር ነው አያስፈልግም" ተብሎ የወጣውን ቴርሞስታትም (የሞተሩን ሙቀት በልኩ የሚይዘውን) አዲስ ገዝተው መለሱት፣ ምክንያቱም ሞተር በልኩ ካልሞቀ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ሞተሩም ቶሎ ይበላል።

ኖዝሉ ተሰራ፣ የፖምፓው ታይሚንግና የቫልቩ ክፍተት ተስተካከለ፣ ራዲያተሩ ታደሰ፣ ያን ዳገት አሁን በሶስተኛ ማርሽ ነው የምወጣው፣ ጌጁም መሀል ላይ ቆሞ። ተርቦ ገና አልተገጠመም እኮ!

ተርቦውን አልከለከሉኝም፣ ቦታውን ነው ያስያዙት። 2ኤች ላይ ናፍጣው መቃጠል የሚጀምረው ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍተት ነው፣ ሙቀቱ እዛ ይጠራቀማል፣ ግፊት ከበዛበት ቴስታታው ይሰነጠቃል። ቶዮታ ራሱ በዚሁ 3980 ሲሲ ላይ ተርቦ አድርጎ 12ኤችቲን ሲያወጣ 136 ፈረስ ያገኘው ቴስታታውንም ፒስተኑንም ቀይሮ፣ ናፍጣው ቀጥታ ፒስተኑ ላይ እንዲረጭ አድርጎ ነው። ስለዚህ የእኔ ፕላን በደብተራቸው ላይ እንዲህ ነው የተጻፈው፣ ቀድሞ ፍሬኑ ሙሉ ለሙሉ፣ ቀጥሎ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን፤ አሁን ያለው ባለ 4ቱ ፍጥነት መንገዱ ላይ ሞተሩን ያስጮኸዋል)፣ ከዛ ሰፋ ያለ የጭስ ቱቦና ማርሚታ (ድምፅ መቀነሻ)፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ተርቦ፣ ግፊቱ ከ0.5 ባር የማያልፍ፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይገጠም ግን አንድ ሜትር እንዳልነዳት። 700 ዲግሪ ሲጠጋ እግሬን ከነዳጅ ላይ አነሳለሁ፣ ትእዛዝ ነው። 1ኤችዜድ ጥሩ ሞተር መሆኑን አልካዱም፣ ግን የሞተሩ ዋጋ አለ፣ ሞተሩ የሚያርፍበትን መቀመጫ መስራቱ አለ፣ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ማስቀየሩ አለ፣ ይሄኛው ሞተር ጤነኛ ሆኖ ሳለ ለምን አሉኝ።

የተቀየረውን እቃ ሁሉ በፌስታል አስረው ከነደረሰኙ ነው የሰጡኝ። ያልሰሩትን አላስከፈሉኝም። ጋሼ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ አባቴ በህይወት ቢኖር ራሱ መጥቶ ያመሰግንዎት ነበር።

ለመሄድ የምታስቡ ደውላችሁ ሂዱ፣ ከሁለት መኪና በላይ አንድ ላይ አይቀበሉም፣ ቸኩላችሁ "ለነገ ያድርሱልኝ" የምትሉ ከሆነም አይሆንላችሁም። ኮምፕሬሽን ለማስለካት ብቻ ከሆነ ግን ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ያኔ ነው ክፍት የሚሆኑት።