የድሮ መዝናኛ ፓርክ ፎቶ ማሳተም ለምትፈልጉ፣ ደብረ ብርሃን ያለችው ፎቶ ቤት

እህቴ ሸዋሮቢት አፀደ ህፃናት ታስተምራለች፣ የክፍሏ ግድግዳ ባዶ ነው ስትለኝ ያንን ሁሉም ጋ ያለውን የፍራፍሬ ፖስተር ከምገዛላት የድሮ መዝናኛ ፓርኮችና የአትክልት ቦታዎች ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ልስጣት አልኩና ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ ካለች ትንሽ ፎቶ ቤት ገባሁ። ስራቸውን በጣም ወድጄዋለሁ። የድሮ ፎቶ አክብሮ የሚያትም ሰው እንደልብ አይገኝም እኮ!

አብዛኛውን ፎቶ ከአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዌብሳይት ነው ያወረድኩት፣ በነፃ ነው። ዲትሮይት ፐብሊሺንግ የሚባል ድርጅት ከመቶ አመት በፊት በመስታወት ኔጋቲቭ (ፎቶ የሚታተምበት ዋናው ቅጂ) ያስነሳቸው አሉ፣ ቲፍ የሚለውን ትልቁን ፋይል ካወረዳችሁ የሰዉ ባርኔጣ ላይ ያለው ሪባን ሳይቀር ይታያል።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ የሚሰራው ልጅ መጀመሪያ የጠየቀኝ ከለር ልጨምርበት ወይስ እንዳለ ይሁን ብሎ ነው። እንዳለ አልኩት፣ እንዳለ ሰራው። ሌላ ቦታ ሳትጠይቋቸው ፊቱን አለስልሰው ሰማዩን ሰማያዊ አድርገው ነው የሚሰጧችሁ፣ እሱ ግን አቧራና ጭረቱን ብቻ አፀዳና ከስር ኔጋቲቩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንኳን ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይነካ አልኩት፣ የፎቶው ታሪክ ነዋ።

ከሁሉም የሚበልጠው የሉና ፓርክ የሌሊት ፎቶ ነው። ሉና ፓርክ ኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ እ.ኤ.አ. በ1903 ሲከፈት 250,000 አምፖል ነበረው ይባላል፣ ያኔ ብዙ ሰው ቤቱ መብራት እንኳን አልነበረውም። ሌሊት ፎቶ ሲነሳ ካሜራው ረጅም ጊዜ ተከፍቶ ስለሚቆይ የሚራመደው ሰው ይጠፋል ወይ ጥላ ይመስላል፣ ህንፃውና መብራቱ ብቻ ጥርት ብሎ ይቀራል። እንዲህ አይነቱን ፎቶ ዝም ብሎ የሚያትም ሰው አምፖሎቹን አንድ ላይ ነጭ አድርጎ ያበላሻቸዋል። እዚህ ግን አምፖሎቹ አንድ በአንድ እንደተበተነ ጤፍ ተለይተው ይታያሉ፣ ጥቁሩም ጥቁር ነው፣ ወደ ግራጫ አልሄደም።

የቪየናው ትልቁ ፌሪስ ዊል (ሰው በክፍሎቹ ጭኖ የሚሽከረከረው ግዙፍ ጎማ) ደሞ ከድሮ ፖስትካርድ የተገኘ ነው። የተሰራው እ.ኤ.አ. በ1897፣ ከአድዋ ድል በኋላ ባለው አመት ማለት ነው፣ ቁመቱ 65 ሜትር ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቃጥሎ በ1947 ሲመለስ ከ30 ክፍሎቹ 15ቱ ብቻ ናቸው የተተኩት፣ ስለዚህ ፎቶው ላይ ክፍሎቹ ተጠጋግተው ከታዩ ከቃጠሎው በፊት የተነሳ ነው። ህትመቱ ጥርት ያለ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው፣ 30 ናቸው! ደስ ያለኝ ደስታ።

ጀልባ ከተዳፋት ላይ ተለቆ ኩሬ ውስጥ የሚያርፍበት ፎቶም አለ፣ እህቴ እንዳለችኝ ልጆቹ ከሱ አይነሱም፣ ሮቢ ወንዝ ላይ ይሰራልን ብለዋታል።

ቅር ያለኝ የአትክልቱ ነው። የኮፐንሃገኑ መዝናኛ ፓርክ ቲቮሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1843 የተከፈተው፣ ውስጡ ያለው ሀይቅ የድሮው የከተማ ምሽግ ዙሪያ የነበረ የውሃ ቦይ ቅሪት ነው፣ እኔ የፈለኩት ውሃው ዳር ያሉት ዛፎች በደንብ እንዲታዩ ነበር ግን መጀመሪያ ሲታተም ቅጠሉ ሁሉ አንድ ጥቁር ነገር ሆኖ ወጣ። ስነግረው ሳይከራከር ጥላውን ትንሽ አንስቶ ያለ ክፍያ ደግሞ አተመልኝ፣ ሁለተኛው ላይ ቅጠል ከቅጠል ይለያል። ወረቀት ደሞ የሚያብለጨልጨው ብቻ ነው ያላቸው፣ መስኮት ፊት ለፊት ከተሰቀለ ያንፀባርቃል፣ የማያብለጨልጨውን፣ ማት የሚባለውን ቢያስመጡ በጣም ጥሩ ነበር።

ዋጋው እንደ መጠኑ ነው፣ ቀብድ ይቀበላሉ። መብራት ከጠፋ አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል፣ የሰርግና የምረቃ ሰሞን ደሞ ስለሚጨናነቁ ቀደም ብላችሁ ስጡ። እንደ ሸዋሮቢት ላለ ሞቃት ቦታ ከሆነ ላሚኔት (በፕላስቲክ ማስለበጥ) አታስደርጉ፣ ሙቀቱ ያነሳዋል፣ ፍሬም ይሻላል። ፎቶውን በፍላሽ ውሰዱላቸው፣ በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል።